ጽሑፉን አትላጩት! የጥይት ሳጥን ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው ስለ አሮጌ የጦር ሠራዊት ጥይት ሳጥኖች እድሳት ትንሽ ጽፌ ነበር። መልእክት ጎረፈ። አንዳንዶቻችሁ «ሥራ ፈት» ብላችሁኛል፤ ባለቤቴም ከእናንተ ወገን ናት። አሥራ አንድ ሳጥን ጋራዡን ሞልቶት መኪናዋ ውጭ በረዶ ሲወርድባት እያየች ሌላ ምን ትበል? የቀራችሁት ግን የምር ጠይቃችኋል። የተወሰኑትን አሳጥሬ ላቅርብ።

ጋሼ፣ አባቴ የእናት አገር ጥሪ ዘማች ነበሩ። ካረፉ በኋላ አልጋቸው ሥር አንድ አረንጓዴ የእንጨት ሳጥን አገኘን። በሩሲያኛ ተጽፎበታል። የሚነበቡት ቁጥሮች 7.62፣ 880 እና 76-17 ናቸው። ወንድሜ በብርጭቆ ወረቀት ልጦ ቫርኒሽ ሊቀባውና ሳሎን ሊያስቀምጠው አስቧል። ምን ይላሉ? (ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ)

መጀመሪያ ወንድምሽን አስቁሚልኝ። የብርጭቆ ወረቀቱንም ደብቂበት። የሳጥኑ ዋጋ ያለው ጽሑፉ ላይ ነው። ከተላጠ ማንኛውም አናጢ በግማሽ ቀን የሚሠራው የጣውላ ሳጥን ብቻ ነው የሚቀራችሁ።

አሁን እናንብበው። 7.62 የጥይቱ ውፍረት ነው፣ በሚሊ ሜትር። የክላሽም ጥይት 7.62 ስለሆነ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የሚለየው 880 የሚለው ቁጥር ነው። የክላሽ ሳጥን ቢሆን ኖሮ ከ1,300 ፍሬ በላይ ይይዝ ነበር። 880 ግን ረጅሙ ጥይት ነው፤ ሞሲን ጠመንጃ፣ ፒኬኤም መትረየስና ድራጉኖቭ የሚባለው የአነጣጣሪ ጠመንጃ የሚጎርሱት። ጥይቱ ሳጥኑ ውስጥ እንዲሁ አልተበተነም። እያንዳንዳቸው 440 ፍሬ የያዙ ሁለት የታሸጉ ቆርቆሮዎች ነበሩበት። ሩሲያውያን ቆርቆሮውን «ዚንክ» ይሉታል። ሳጥኑ ሙሉውን ወደ 26 ኪሎ ይመዝናል። አባትሽ ስንቱን እንዲህ ያለ ሳጥን በትከሻቸው እንዳመላለሱ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።

76-17 ደግሞ የኔ ተወዳጅ ክፍል ነው። 76 ዓመቱ ነው፤ 1976፣ በእኛ 1968 ወይም 1969 መጀመሪያ። 17 የፋብሪካው ቁጥር ነው፤ ሳይቤሪያ ውስጥ ያለው የባርናውል ፋብሪካ። 188 ቢሆን ኖቮሲቢርስክ፣ 60 ቢሆን ደግሞ የያኔዋ ፍሩንዜ፣ የዛሬዋ ቢሽኬክ ይሆን ነበር። ሶቪየቶች ወደ ኢትዮጵያ መሣሪያ በአየር ማጓጓዝ የጀመሩት በእኛ ኅዳር 1970 ላይ ነው። ሳጥኑ በዚያ ጊዜ ስለመምጣቱ ማረጋገጫ የለኝም፣ ዓመቱ ግን ይገጥማል። ጎኑ ላይ የቀለም መስመር ካለ ደግሞ እዪልኝ። የብር ቀለም ከሆነ ተራው ጥይት ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ ሲተኮስ የሚያበራው።

አጸዳዱ ቀላል ነው። በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አራግፊ። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ሁለት ጠብታ ሳሙና ጨምሪ፣ ጨርቁን ነክረሽ በደንብ ጭመቂው፣ ከዚያ ጥጉ ላይ ሞክሪ። ቀለሙ ጨርቁ ላይ ካልወጣ ቀጥዪ። ሲደርቅ ስስ የንብ ሰም ቀቢውና በጨርቅ ወልውዪው። ቫርኒሽ አይነካው። የላላ ምስማር ካለ ያንኑ ምስማር መልሰሽ ምቺው፤ በሚያብረቀርቅ አዲስ ብሎን አትተኪው።

ከሱቅ የገዛሁት የአሜሪካ የብረት ጥይት ሳጥን ታችኛው ክፍል ዝጓል። ይጣላል? (ከዳላስ)

አይጣልም። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አራግፍ፤ የቀረውን በነጭ ኮምጣጤ የተነከረ ጨርቅ አልብሰህ አሳድረው። ጠዋት እጠበው፣ ወዲያው አድርቀው፣ የዝገት መከላከያ ቀባውና ላዩ ላይ የማያብረቀርቅ ወይራማ አረንጓዴ አድርግ። «የማያብረቀርቅ» ያልኩት ላይ ሰረዝ ይሰመርበት። የሚያብለጨልጭ የጦር ሳጥን የልጆች መጫወቻ ነው የሚመስለው።

ቢጫውን ጽሑፍ በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው እንጂ አትቀባበት። ክዳኑ ሥር ያለውን ጎማም አትርሳው። ካልተሰነጠቀ በሳሙና እጠበውና ሲሊኮን ቅባት ንካው። ውኃ እንዳይገባ የሚያደርገው እሱ ነው። የ50 ካሊበሩ ሳጥን (ኤም 2 ኤ 1 የሚባለው) የተሠራው በሰንሰለት የተያያዘ 100 ጥይት እንዲይዝ ነው። ዛሬ የኔ ምስማርና ብሎን ነው ያለበት።

ከቁራሌው አንድ ያልተከፈተ ቆርቆሮ ገዛሁ። ሲነቀነቅ ይንኳኳል። እንዴት ልክፈተው? (ከጎንደር)

አትክፈተው! አትነቅንቀውም! ባለበት ተወው፣ ሰው አርቅ፣ ለፖሊስ ደውል። ባዶ ሳጥን መሰብሰብ ሌላ ነው፤ ጥይት ይዞ መገኘት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። በዚያ ላይ ውስጡ ያለው ጥይት ይሁን ሌላ ነገር በምን አወቅህ? ይህን ጥያቄ ሳነብ ቡናዬ ነው የቀዘቀዘው።

የእንጨቱ ሳጥን ትንሽ አረንጓዴ ይላል፣ የጋዝ ዓይነት ሽታም አለው። ለልጄ መጫወቻ ማስቀመጫ ላደርገው ነበር። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ለልጅ እንኳን አታድርጊው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ብዙ የአሜሪካ ጦር ሳጥኖች እንዳይበሰብሱና ነፍሳት እንዳይበሏቸው መድኃኒት ተነክረዋል። አንዱ ፔንታክሎሮፌኖል ነው። ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነገር ነው፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም በ2022 አጠቃቀሙ ሙሉ በሙሉ እንዲቆም ወስኗል። ሌላው የመዳብ ውህድ ነው፤ አረንጓዴ መልክ የሚሰጠው እሱ ነው። የድሮ ቀለም ደግሞ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የእርሳስ ቀለም ለቤት አገልግሎት የተከለከለው በ1978 ነው፣ ያንቺ ሳጥን ከዚያ ቀደም ያለ ከሆነ እንዳለበት ቁጠሪው።

ስለዚህ በደረቁ አይፋቅ። መፋቅ የግድ ከሆነ እያረጠብሽ፣ ውጭ፣ ደህና ማስክ አድርገሽ። ስባሪውን ምድጃ ውስጥ አትክተቺ፣ ሥጋም አትጥበሺበት። የሚበላ ነገር፣ ልብስና መጫወቻ አይግባበት። ለመሣሪያ ማስቀመጫ ወይም ለጌጥ ግን ይሆናል። ለልጅሽ መጫወቻ ከፈለግሽ ከንጹሕ ጣውላ ተመሳሳዩን ሥሪ። ከጥንቱ እንጨት ይልቅ አዲሱን የምመርጥበት አንዱ ቦታ ይኸው ነው።

እንግሊዞች ከዙሉዎች ጋር ሲዋጉ የተጠቀሙበትን ሳጥን አስመስዬ መሥራት እፈልጋለሁ። የተሸነፉት ሳጥኑ አልከፈት ብሏቸው ነው ይባላል። እውነት ነው? (ከለንደን)

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ቦታው ኢሳንድልዋና ነው፣ ቀኑ ጥር 22 ቀን 1879 በአውሮፓውያን። ከዓድዋ 17 ዓመት ቀደም ብሎ። በዋናነት ጦርና ጋሻ የያዘ የዙሉ ሠራዊት የእንግሊዝን ካምፕ ደመሰሰ፤ በእንግሊዝ በኩል ከ1,300 በላይ ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ሰበብ ተፈለገ። «ሳጥኖቹ በብዙ ብሎን ታስረው ነበር፣ መፍቻ ጠፋ፣ ወታደሩ ጥይት አጥቶ ሞተ» ተባለ። ወሬው ጣፋጭ ስለሆነ መቶ ዓመት ኖረ።

ሳጥኑን ስትሠራው ግን ወሬው ይፈርሳል። እኔ ሠርቼዋለሁ። ከማሆጋኒ ወይም ከቲክ ነው የሚሠራው፣ ማዕዘኖቹ ጥርስ ለጥርስ ይነካከሳሉ። ሁለት የመዳብ ቀበቶዎች ዙሪያውን አስረውታል፤ በብሎን የተመቱትም እነሱ ናቸው። ወሬው የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ክዳኑ ግን ከቀበቶዎቹ ሥር አይደለም። መሐላቸው ያለች፣ ተስባ የምትወጣ ጠባብ ጣውላ ነች፤ የያዛት አንዲት የነሐስ ብሎን ብቻ። ቀበቶውን መንካት አያስፈልግም። መፍቻ ከጠፋ የክዳኑን ጠርዝ በጠመንጃ ሰደፍ ወይም በድንጋይ ብትመታው ብሎኗ ተጣማ ትለቃለች። እኔ በመዶሻ እጀታ ሞክሬ በሁለተኛው ምት ወጣች። ጦር ሜዳው ላይ በተደረገ ቁፋሮም የተጣመሙ ብሎኖች ተገኝተዋል።

ውስጡ በስስ ቆርቆሮ የተለበጠ ነው። አሥር አሥር ጥይት የያዙ 60 የወረቀት ጥቅሎች፣ በድምሩ 600 ጥይት ይገባበታል። መጠኑን ከመወሰንህ በፊት ከእንጨት 60 ጥቅል ቆርጠህ ደርድር፤ ያኔ የውስጡ ስፋት ራሱ ይነግርሃል።

የኔን ስህተት አትድገም። የሠራሁት በክረምት፣ ቤቱ በማሞቂያ ደርቆ ሳለ ነው። ክዳኑን ልክ እንደ ጓንት አጠበቅሁት። በራሴ ኮርቼ ጓደኞቼን ሐምሌ ላይ ጠራኋቸው። የሜሪላንድ ሐምሌ ደግሞ አየሩ የሚጠጣ ነው። እንጨቱ አብጦ ክዳኑ ንቅንቅ አልል አለ። «እንግሊዞቹ እውነታቸውን ነው» ብለው ሳቁብኝ። አሁን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት እተዋለሁ፣ መሄጃውንም በተራ ነጭ ሻማ እፈትገዋለሁ።

ስለ ጥይት ካነሳን አይቀር፣ አያቶቻችን የውጅግራ ጠመንጃ ጥይት እንደ ሳንቲም ይገበያዩበት ነበር። እነሱ ዘንድ ቢሆን ይህ ሳጥን ባንክ ነው።

የጀርመኖቹን የ1,500 ጥይት ሳጥን አስመስዬ እሠራለሁ፣ አሮጌም አስመስለዋለሁ። ገዢ አለ። ጓደኛዬ «ይህ ማጭበርበር ነው» ይለኛል። (ከፍራንክፈርት)

ፓትሮነንካስተን 88 የሚሉትን ነው አይደል፤ እያንዳንዳቸው 300 ጥይት የያዙ አምስት ካርቶን የሚገቡበት። መሥራትህ አሪፍ ነው። ማስረጀትህም ችግር የለውም። ሰንሰለት አንከባልበት፣ ጠርዙን በዘነዘና ደብድበው፣ የኮምጣጤና የዛገ ምስማር ውኃ ቀባው፤ ግራጫ ይሆንልሃል።

ጓደኛህ እውነት የሚኖረው ዝም ብለህ የሸጥክ ለት ነው። እኔ የሠራሁትን ሁሉ ታችኛው ጣውላ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ በጋለ ብረት «ቅጂ» ብዬ ዓመተ ምሕረቱን አትምበታለሁ። ቀለም አይበቃም፣ ይፋቃል። አንተ ለገዢህ ብትነግረው እንኳ እሱ ለሦስተኛ ሰው ሲሸጠው ምን እንደሚል አታውቅም። አንድ ጊዜ እኔም «የ1943 ኦሪጅናል» ተብዬ በጥሬ ገንዘብ ከፍዬ፣ ቤት ሳመጣው መሐሉ ኮምፔንሳቶ ሆኖ የመስቀል ጥርስ ያለው አዲስ ብሎን አግኝቼበታለሁ። ሦስት ቀን አላወራሁም።

ሌላው፣ የምትኖረው ጀርመን ነው። ስዋስቲካ ያለበት ማኅተም ማሳየትና ማሠራጨት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 86 ኤ ያስጠይቃል። ያንን ማኅተም ተወው።

ማሽን የለኝም። ስቴንስሉን በእጄ እንዴት ልቁረጥ? (ከቴል አቪቭ)

ስቴንስል ማለት ፊደል የተቆረጠበት፣ በላዩ ቀለም የሚመታበት ሉህ ነው። ድሮ በዘይት የተነከረ ካርቶን ነበር። አሜሪካ ውስጥ እንደ ማርሽ ያሉ ኩባንያዎች ፊደል የሚበሳ ማሽን ሠርተው ለየፋብሪካው ይሸጡ ነበር፤ ዛሬም አሮጌ ማሽኖቹ ይገኛሉ፣ ክብደታቸው ግን አይጣል ነው። ላንተ የፕላስቲክ ፎልደር ሽፋንና ስለታም ቢላ ይበቃሃል። የኦሪጅናሉን ፎቶ በትክክለኛ መጠኑ አሳትመህ ከሥሩ አድርግና በላዩ ቁረጥ። ከኮምፒውተር የተወሰደ የተስተካከለ ፊደል ወዲያው ያጋልጥሃል።

ፊደሎቹ መሐል ድልድይ መተው አትርሳ። ክብ ነገር ድልድይ ከሌለው መሐሉ ወልቆ ይወድቃል። ለባለቤቴ እርቅ ብዬ አንዱን ሳጥን «ጤፍ» ብዬ ልጽፍላት ስቆርጥ የ«ጤ» ቀለበት ወለቀችብኝ። እኛም ፊደል ውስጥ ስንት ክብ እንዳለን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ብሩሹ አጭርና ደረቅ ጠጉር ያለው ይሁን። ቀለም ጥቂት ነክተህ፣ ጋዜጣ ላይ መታ መታ አድርገህ፣ ደረቅ ሊል ሲል ከላይ ወደ ታች እየመታህ ቀባ። ቀለሙን ካበዛኸው ከሥር ይገባና ፊደሉ ያብጣል። መስመሩ ትንሽ ቢያዘነብል አታስተካክለው። ፋብሪካ ውስጥ በቀን ስንት መቶ ሳጥን የሚቀባ ሰው ማስመሪያ አይዝም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እንጨቱን የተልባ ዘይት ከቀባህ ጨርቁን ጨብጠህ አትጣለው። ራሱ ሞቆ ይነዳል። ዘርግተህ ውጭ አድርቀው።

አንድ ባዶ ሳጥን ለአጎቴ ይዤ አዲስ አበባ ልሄድ ነው። በአውሮፕላን ይቻላል? (ከዋሽንግተን)

ጣጣ አትግዛ። «ጥይት» ተብሎ የተጻፈበት ሳጥን ኤርፖርት ሲገባ ባዶ መሆኑን የሚሰማህ የለም። በጭነትም ቢሆን የአሜሪካ ደንብ የአደገኛ ዕቃ ምልክት ያለበትን ባዶ ሳጥን እንዳለ እንድትልክ አይፈቅድም፤ ምልክቱ መሸፈን አለበት። ስለዚህ አትፋቀው፣ ሙሉ በሙሉ ካርቶን ውስጥ ክተተውና በመርከብ ከሚሄድ የቤት ዕቃ ጋር ላከው። ከመላክህ በፊት ላኪውንም ጉምሩክንም ጠይቅ። ውስጡን ደግሞ ለአጎትህ ልብስ ሙላበት፤ ባዶ ቦታ ከፍለህ አታጓጉዝ።