ራስ አልባው ፈረሰኛ ጎንደር ይገባል ወይ?

እህቴ፣ የራስ አልባውን ፈረሰኛ ተረት ወደ ጎንደር አምጥቼ የወጣቶች የመንፈስ ፍቅር ልብ ወለድ ልጻፍ ወይ ላልሽው፣ ጻፊው! ፈረሰኛውን ግን እዚያው አሜሪካ ተዪው። አሜሪካዊው ደራሲ ዋሽንግተን ኢርቪንግ በ1820 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታሪክ ሰውዬው በጦርነት ራሱን መድፍ የወሰደው የጀርመን ቅጥረኛ ወታደር ነው። ጎንደር ምን ሊሠራ ይመጣል?

የራሳችን ፈረስ አለን እኮ። ፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ክብ ቤት የዞብል መቃብር ይሏታል፤ የንጉሥ ፈረስ ነው። መንፈስ የሆነውን ልጅ እዚያ አስቀምጪው። ልጅቷ በጥምቀት ማግስት፣ ሕዝቡ ሲበተን፣ ኮቴ ትስማ። ሎሚ ውርወራውንም አትርሺ። የወረወረችው ሎሚ በደረቱ አልፎ መሬት ቢወድቅስ? እኔ ብሆን ከዚህች ነበር የምጀምረው።