«ዋናውን ሼልፍ ከመጋዘኑ ሼልፍ በምን ላገናኝ?» ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ሳነብ የራሴ ታሪክ መሰለኝ። ገላን ያለው ፋብሪካችሁ ቢሮ ውስጥ ዋናው ፒቢኤክስ (የድርጅቱ የውስጥ ስልክ ማዞሪያ) አለ፣ 400 ሜትር ርቆ አዲስ መጋዘን ተሠርቷል፣ ሪሞት ሼልፉ (የመጋዘኑ ስልኮች የሚሰኩበት፣ ከዋናው ርቆ የሚቀመጠው የማዞሪያው ክፍል) ተገዝቶ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። «በድሮው ባለ 20 ጥንድ መዳብ ላገናኘው ወይስ ፋይበር ልዘርጋ?» ነው ያልከው። እኛ ዱከም ነን፤ ርቀቱም አፈሩም ያው ነው። ሁለቱን ሼልፎች የሚያገናኘውን ካርድ እንዴት እንደምትሰካ መመሪያው ላይ ስላለ እሱን እዘለዋለሁ።

1. መዳቡን እርሳው። ሁለቱ ሕንፃዎች የየራሳቸው ኧርዝ (ከመሬት ጋር የተያያዘ መከላከያ ሽቦ) አላቸው። ሐምሌ ላይ መብረቅ ሲወድቅ በሁለቱ መሬቶች መካከል የሚፈጠረው ቮልቴጅ መንገዱ ያንተ ሽቦ ነው፣ መውጫው ደግሞ ካርድህ። ፋይበር መስታወት ስለሆነ ይህን አያስተላልፍም። በእርግጥ መጋዘኑ የሚፈልገው 5 ወይም 6 ስልክ ብቻ ከሆነ ሼልፉን መልስላቸው። ተራ አናሎግ ስልክ በ400 ሜትር መዳብ ላይ ያለ ችግር ይሠራል፤ በሁለቱም ጫፍ መብረቅ መከላከያ አድርግለት እንጂ። ይህን የሚነግርህ ሻጭ አታገኝም።

2. ፋይበር ከመግዛትህ በፊት ካርዱ የሚቀበለውን ዓይነት አረጋግጥ። እኔ የግዥ መጠየቂያው ላይ «ፋይበር ኬብል፣ ባለ 4፣ 500 ሜትር» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምንም የለም። ሦስት ወር የበላችኝ ይቺ አንዲት መስመር ናት።

ግዥ ክፍል እንደ ልማዱ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ርካሹን ገዛ። ርካሹ ሲንግል ሞድ (የብርሃን መንገዱ በጣም ቀጭን የሆነ ፋይበር) ነበር፣ የእኔ ካርድ የሚቀበለው ደግሞ ማልቲ ሞድ (መንገዱ ሰፋ ያለውን)። ቢጫ ሲንግል ሞድ፣ ብርቱካንማ ማልቲ ሞድ የሚባለው ለቤት ውስጥ ፓች ኮርድ (አጭር ማገናኛ ገመድ) ነው፤ የውጭ ኬብል ልባሱ ጥቁር ስለሆነ በቀለም አትለየውም። ልባሱ ላይ የታተመውን ማንበብ አለብህ፦ 9/125 ካለ ሲንግል ሞድ፣ 50/125 ወይም 62.5/125 ካለ ማልቲ ሞድ። እኔ ሳላነብ ፈርሜ ተረከብኩ።

ቦይ አስቆፈርን። መረሬ መሬት ምን እንደሚመስል ታውቀዋለህ፤ በክረምት ይውጥሃል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። የቀን ሠራተኞቹ አካፋ ሲሰበርባቸው እኔን ነበር የሚያዩኝ። ኬብሉ ተዘረጋ፣ ጫፎቹ ተበየዱ፣ ሼልፉን አበራሁት። መብራቱ ለአፍታ አረንጓዴ ሆነና ቀላ። ደግሞ አረንጓዴ፣ ደግሞ ቀይ። የመጋዘኑ ስልኮች አንዴ ነፍስ ይዘራሉ አንዴ ይሞታሉ።

ዕቃውን የሸጠልን ድርጅት ጋ ደወልኩ። መጥቶ ሳያይ፣ በስልክ ብቻ፣ «ካርዱ ተቃጥሏል» አለኝ። ሌላ ካርድ ተገዛ፤ ያው ነው። ቢሮው ድረስ ሄጄ ግማሽ ቀን ወንበር ላይ ተጎልቼ ከዋልኩ በኋላ አንዱ ብቅ ብሎ «አንተ ኤሌክትሪሺያን ነህ አይደል? ይሄ የቴሌኮም ሥራ ነው» ብሎኝ ገባ። እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች።

አንድ ቅዳሜ ከጓደኛዬ ፓወር ሜትር (በፋይበሩ የሚመጣውን ብርሃን መለኪያ) ተዋስኩ። ከካርዱ የሚወጣው ብርሃን ደህና ነው፤ መጋዘን ጫፍ ላይ ስለካው ምንም አልቀረም ማለት ይቻላል። ያኔ ነው በባትሪ የኬብሉን ጽሑፍ ያነበብኩት። 9/125። ላብ አሰመጠኝ። የማልቲ ሞድ ልብ (ብርሃኑ የሚሄድበት መሃሉ) 50 ወይም 62.5 ማይክሮን ነው፣ የሲንግል ሞዱ 9 ገደማ። ከባልዲ ወደ ጠርሙስ ውሃ እንደመገልበጥ ነው፤ አብዛኛው ውጭ ይፈሳል። ካርዱ ምንም አልሆነም ነበር!

ለሥራ አስኪያጁ ራሴ ሄጄ ነገርኩት። የግዥ ኃላፊው «የጻፍከውን ነው የገዛነው» አለ። እውነቱን ስለነበር ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ያዳነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሁሉም «ብክነት ነው» ሲሉኝ ተሟግቼ ኬብሉን በቧንቧ ውስጥ አሳልፌው፣ ለመጎተቻ ትርፍ ገመድም ትቼበት ነበር። ማልቲ ሞዱን በሁለት ቀን ሳልቆፍር አስገባሁት። የመጀመሪያው ኬብልም አልተጣለም፤ ዛሬ የጥበቃ ካሜራዎቹ የሚሠሩት በእሱ ነው። ሐሳቡ የእኔ ነው፣ ልብ በልልኝ።

3. የሼልፉ አረንጓዴ መብራት ጭራሽ ካልበራ መጀመሪያ ሁለቱን ክሮች በአንድ ጫፍ አቀያይራቸው፤ የአንዱ ላኪ ከሌላው ተቀባይ ጋር ነው መገናኘት ያለበት። ብርሃን ይወጣ እንደሆነ ብለህ ግን የክሩን ጫፍ በዓይንህ እንዳታይ። የካርዱ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 850 ናኖሜትር ከሆነ የብዙ ስልኮች ካሜራ ያሳይሃል፤ 1300 ከሆነ ካሜራውም አያየውም፣ ስለዚህ «ጨለማ ነው» ብለህ ካርድ እንዳትቀይር።

4. የመጋዘኑ ሼልፍ የራሱ ባትሪ ይኑረው። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያለችው ጥቂት ሰከንድ ሼልፉን ታጠፋዋለች፣ ተመልሶ እስኪነሳ ደግሞ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ የእኛ መጋዘን ኃላፊ በእያንዳንዱ ደቂቃ በሞባይል ይደውልልኝ ነበር።

አሁን ግዥ መጠየቂያውን ከመጻፍህ በፊት የካርዱን ፎቶ እዚህ ለጥፍ። ኬብሉ የሚሰካበትን በኩልና ሞዴሉ የተጻፈበትን ተለጣፊ አንሳ፤ ማታ ከሥራ ስወጣ አይቼ እነግርሃለሁ።