ትርፋችሁ ከየት መጣ?

ልጆቼ፣

ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ሒሳብ ስሠራ ኖርኩ። ቢሮዬ ከአራዳ ጊዮርጊስ ትንሽ ወረድ ብሎ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ነበር። የእንጨቱ ደረጃ ሰው ሲወጣበት ስለሚጮህ፣ ደንበኛ መምጣቱን በር ሳይንኳኳ አውቃለሁ። በተለይ ሐምሌ ሲገባ ደረጃው እረፍት አልነበረውም፤ ትንሹ ነጋዴ፣ የደረጃ "ሐ" ግብር ከፋዩ ሁሉ፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ የሚመጣው ያኔ ነበር። ፎቁም ደረጃውም ዛሬ የሉም።

ሱቅ ልትከፍቱ ያሰባችሁ፣ ከፍታችሁም ግራ የገባችሁ ልጆች ምክር ትጠይቁኛላችሁ። ብዙ የምመክረው የለኝም። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ እኔ ራሴ ደንበኞቼን በጊዜው ባለመጠየቄ የሚቆጨኝ ጥያቄ ነው። ትርፋችሁ ከየት መጣ?

ፒያሳ አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሲንጀር የስፌት መኪናቸው በዕድሜ ከኔ ይበልጣል። ሱፍ ሲሰፉ ትከሻው ላይ ስፌቱ አይታይም፤ ሙሽራ የሚላክላቸው ከጎጃም ድረስ ነበር። እኔም በየዓመቱ ሒሳባቸውን ዘግቼ "ዘንድሮም አትርፈዋል" እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ማኪያቶ ያስመጡልኛል። የሚሠሩበት ቤት የቀበሌ ቤት ነው። ታሪኩን ታውቁት እንደሆነ፣ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተሰጡ። የቀበሌው ኪራይ እንደዚያው ተኝቶ ዓመታት አለፉ። ሰውየው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለወር ኪራይ የሚከፍሉት ከአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ ያነሰ ነበር።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. ላይ ፒያሳ በኮሪደር ልማቱ ሲነሳ እሳቸውም ተነሱ። አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራዩ፣ በወር 18 ሺህ ብር። ሦስት ወር ሠርተው ደብተራቸውን አመጡልኝ። እጃቸው ያው ነው፣ መኪናው ያው ነው፣ ሱፉም ያው ነው፤ ትርፍ ግን የለም። ያኔ ነው የገባኝ። ለሃያ ዓመት "አትርፈዋል" ስላቸው የነበረው ገንዘብ አብዛኛው የመቀሳቸው አልነበረም፤ የኪራዩ ነበር። ከተማው በዝምታ ይደጉማቸው ነበር፣ እኔም የሒሳብ ባለሙያ ተብዬ ድጎማውን ትርፍ ብዬ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን "ይህንን ቤት በገበያ ዋጋ ቢከራዩት ኖሮ ምን ይተርፍዎት ነበር?" ብዬ ብጠይቃቸው፣ ዋጋቸውን ቀስ በቀስ ከፍ ያደርጉ ነበር፤ ደንበኛውም ይለምደው ነበር። አልጠየቅኳቸውም።

እናንተም በአባታችሁ ግቢ፣ በዘመድ ኮንቴይነር ወይም በአክስት ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት የምትሠሩ ካላችሁ፣ ኪራይ ባትከፍሉም በየወሩ ወጪ ላይ ጻፉት። ያኔ ቁጥሩ ያሳፍራችሁ ይሆናል። ይፈር።

ሁለተኛው ጥፋቴ ከዚህ የባሰ ነው፣ ምክሩን የሰጠሁት እኔ ነኝና። ሱማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ጎበዝ ልጅ ነበር። "በገዛህበት ላይ ሠላሳ በመቶ ጨምር፣ ከዚያ አትውረድ፣ ከዚያም አትውጣ" ብዬው ነበር። በደህና ቀን መጥፎ ምክር አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለ። 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ልጁ መጋዘኑ ውስጥ 2,000 ብር የገዛው ፍሬን ሸራ ነበረው። በእኔ ምክር 2,600 ሸጠው። ገዢው ተሰለፈለት፣ እሱም ደስ አለው፤ መደርደሪያው በአንድ ወር ባዶ ሆነ። ሊሞላው ሲሄድ አስመጪው ያንኑ ፍሬን ሸራ 3,500 አለው።

ደብተሩ 600 ብር ትርፍ ይላል። መደርደሪያው ደግሞ በእያንዳንዱ ፍሬን ሸራ 900 ብር ጎድሏል። ግብር የሚከፈለው በደብተሩ ነው። እና የሚያሳዝነው፣ ደብተሩ አልተሳሳተም! መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይወጣል በሚለው አሠራር በትክክል ነው የሠራሁት። ስህተቱ፣ የሒሳብ መዝጊያ ቁጥርን የዋጋ መተመኛ አድርጌ መምከሬ ነው። ነጋዴ ዋጋ የሚቆርጠው በገዛበት ሳይሆን ነገ በሚተካበት ነው፤ መርካቶ ውስጥ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ይህንን ከእኔ በፊት ያውቁታል። የሽንኩርት ነጋዴዋ "የዛሬው ስንት ገባ?" ብላ ሳትጠይቅ የትናንቱን አትሸጥም። እኔ ዲግሪዬን ይዤ ያንን ረሳሁት። ልጁ አልተቀየመኝም፤ ቢቀየመኝ ይቀለኝ ነበር።

እንግዲህ የቦታ ትርፍ ቦታው ሲሄድ ይሄዳል፣ የዋጋ ንረት ትርፍም መደርደሪያው እስኪሞላ ነው። የሚቀረው ስም ነው። ስም ስላችሁ ስብከት እንዳይመስላችሁ፣ የሕግ ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን የንግድ መደብር ሲል ግድግዳውንና በሩን ማለቱ አልነበረም፤ የማይዳሰስ ሀብት ነው፣ ዋናው ነገሩም መልካም ስሙ ነው ይል ነበር። ፒያሳ ስንቱ ሰው በሩን መደብር መስሎት ኖረ።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራን ውሰዱ። ፋብሪካው የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም. ነው። ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ ወረሰው፣ ደርግም ሄደ፣ በ1990ዎቹ ፈረንሳዩ ካስቴል ገዛው። ባለቤቱ እየተቀያየረ፣ ጠጪው ግን ዛሬም "ጊዮርጊስ ስጠኝ" ይላል። ካስቴል ገንዘቡን ያወጣው ለጋኑ ብቻ ይመስላችኋል? ቡናችንም እንዲሁ ነው። በ1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አሜሪካ ውስጥ ስታመለክት፣ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ብዙ አነጋገረ፤ በ1999 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ። ቡናውን ቀድሞም እንሸጥ ነበር። ያኔ የተከራከርነው ለስሙ ነው።

ትንሽ ሱቅ ላላችሁም ያው ሕግ ይሠራል። የንግድ ምልክት አዋጁ ቁጥር 501/1998 ነው፤ ምዝገባው ሰባት ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ይታደሳል። የንግድ ፈቃድ ላይ ያለ ስምና የተመዘገበ የንግድ ምልክት አንድ አይደሉም፤ ይህንን የማያውቅ ስንት ደንበኛ ነበረኝ መሰላችሁ። አርማውን ሠዓሊ ከፍሎ ያሠራል፣ ምዝገባው ሲነሳ "ቆይ ትንሽ ልደግ" ይላል። ሲያድግ ጎረቤቱ አስመዝግቦት ያገኘዋል።

ስም ደግሞ አድራሻ ይፈልጋል። ወደ ልብስ ሰፊው ልመልሳችሁ። እኚህ ሰው የልክ ደብተር አላቸው፣ ጥቁር ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ አንድ አራተኛው በሻይ የራሰ። ባለፈው ጥቅምት ከልጅ ልጃቸው ጋር ቁጭ ብለን ገለጥነው። ከአራት መቶ ሰው በላይ አለበት፤ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ የእግር ቁመት፣ ሁሉም በሴንቲሜትር። ስሙ ግን "ወፍራሙ ዳኛ" ነው። "የዶክተሩ ባለቤት ወንድም"። "አጭሩ፣ ሠራተኛ ሰፈር"። ስልክ የለም። ለምን ይኖራል? ሰዉ በየቀኑ በደጃቸው ያልፋል። ደጁ ሲፈርስ አራት መቶ ደንበኛ ልካቸው ደብተር ላይ ቀርቶ እነሱ ጠፉ።

ልጅቷ ብልህ ናት። አሁን የሚከፍላት ሰው በቴሌብር ሲልክ ስሙንና ስልኩን እዚያው ከልኩ ጎን ትጽፋለች። የድሮዎቹን ደግሞ ከአያቷ ትዝታ እየለቀመች፣ ሰው ለሰው እየጠየቀች ታሰባስባለች። የዚያን ቀን ስድስት ቁጥር ነበራት። ሦስቱ አይሠሩም። አንዱ አያነሳም። አንዱ "አሁን ሱፍ የት ይለበሳል እማማ" ብሎ ሳቀባት፣ እማማ ያላት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነች። ስድስተኛው የወፍራሙ ዳኛ ነበር፤ ሴት ልጃቸው አነሳች።

"አባዬማ በጣም ከስተዋል" አለች፤ "ያ ጥቁር ሱፍ እኮ አሁን ሁለት ሰው ይይዛል። ይጠባል?"

ሰውየው ስልኩን ከልጅ ልጃቸው እጅ ተቀበሉና መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩ ላይ ወገቡን ፈለጉ። 118።