መደበኛ ወይስ ልዩ ፍላጎት? ኦቲዝም ላለበት ልጅ ትምህርት ቤት ለምትፈልግ እናት

እህቴ፣ ያልሽው ይህ ነው፦ ልጅሽ 6 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም እንዳለበት ተነግሮሻል፣ የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፣ ያለበት ትምህርት ቤት ደግሞ «ይረብሻል፣ ሌላ ቦታ ፈልጊለት» ብሎሻል። መደበኛ ትምህርት ቤት ይሻለው ይሆን ወይስ ልዩ ፍላጎት፣ ሄጄስ ምን ልጠይቅ ብለሻል። መልሱ ይረዝማል፣ ታገሽኝ።

መደበኛ ወይስ ልዩ የሚለውን ለጊዜው ተይው። በሩ ላይ «አካቶ» (ሁሉንም ልጆች አብሮ የሚያስተምር) ብሎ የለጠፈ ትምህርት ቤት ልጁን ቀኑን ሙሉ ኋላ ወንበር ላይ ብቻውን ሊያስቀምጠው ይችላል። ልዩ ፍላጎት የሚባልም ሆኖ ልጆችን ከመጠበቅ ያለፈ ምንም የማያስተምር አለ። የምትመዝኚው በቀኑ ውስጥ የሚከብዱትን ሰዓቶች ነው፤ ጠዋት መግቢያ፣ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው መሸጋገሪያ፣ ዕረፍት፣ መጸዳጃ ቤት፣ እና ነገሩ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት የሚፈነዳበት ጊዜ። ብዙ ልጆችን ከትምህርት ቤት የሚያስወጣቸው ፊደልና ቁጥር ሳይሆን እነዚህ ናቸው።

ስለዚህ ስትጎበኚ ትምህርት ባለበት ቀን ሂጂ፣ መጀመሪያ ያለ ልጁ። ቢሮ ውስጥ ከመቀመጥ የዕረፍቱን 20 ደቂቃ ግቢው ውስጥ ቆመሽ ተመልከቺ። ደወሉ ምን ያህል ይጮኻል? ክፍሉ ያስተጋባል? ልጅ ሲከብደው የሚቀመጥበት ጸጥ ያለ ጥግ አለ ወይ? ካለስ ለማረፊያ ነው ወይስ ለቅጣት? ሁለቱን የቀላቀለ ትምህርት ቤት ልጁ ያንን ጥግ እንዲፈራው ያደርገዋል። የውጭ በሩን ማን እንደሚጠብቀውም እዪ። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ውስጥ ሳይታሰብ ወጥተው የሚሄዱ ብዙ ናቸው። «ከክፍል ቢወጣ በስንት ደቂቃ፣ ማን ያውቃል?» ብለሽ ጠይቂ።

«ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ትቀበላላችሁ?» አትበይ፤ «አዎ» ይሉሻል፣ አለቀ። ይልቅ «በቅርቡ አንድ ልጅ ጆሮውን ይዞ ሲጮህ ምን አደረጋችሁ?» በይ። ደህናው መልስ ዝርዝር አለው፦ ድምፁን ቀነስን፣ ሌሎቹን ልጆች ራቅ አደረግን፣ ብዙ ሳናወራ ጠበቅነው፣ በኋላ ምን እንደቀደመው አየን። «ተቆጣነውና ዝም አለ» የሚል ትምህርት ቤት ጥለሽው ብትወጪ አይቆጭሽም። «ለእናቱ ደውለን መጥታ ወሰደችው» የሚለው ደግሞ ለጆሮ ደግ ነው፤ ግን በተደጋገመ ቁጥር ልጁ የሚማረው «ስጮህ ቤቴ እገባለሁ» የሚለውን ነው። በር ተቆልፎበት ብቻውን የሚቀመጥበት ክፍል ካለ፣ ወይም ልጅን መሬት ላይ ተጭኖ መያዝ እንደ ተራ ነገር ከተወራ፣ ጉብኝቱ እዚያው ያብቃ።

አሁን ካለበት ከማውጣትሽ በፊት ግን «ይረብሻል» የሚለውን ቃል አስፈቺው። መምህሯ ለ2 ሳምንት አንድ ወረቀት ላይ እንድትጽፍልሽ ጠይቂ፤ ሰዓቱን፣ ከዚያ በፊት የሆነውን፣ እሱ ያደረገውን፣ ቀጥሎ የተደረገውን። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው፦ ከሚከብደው ነገር ማምለጥ፣ የሚፈልገውን ማግኘት፣ ሰው እንዲያየው መፈለግ፣ ወይም ሰውነቱ የሚሻው ወይም የማይችለው ስሜት። ለምሳሌ ሁልጊዜ ሊደወል ሲል ከሆነ ችግሩ ደወሉ ነው፤ ከ2 ደቂቃ በፊት ነግሮ ጆሮ መከለያ ማድረግ ይበቃው ይሆናል። ጠባዩ በአንድ ሳምንት ውስጥ በድንገት ከተለወጠ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ በፊት ሰውነቱን አስመርምሪ። ጥርስ፣ ጆሮ፣ የሆድ ድርቀት። ቃል ያጠረው ልጅ ሕመሙን የሚናገረው በጠባዩ ነው።

ንግግሩን በተመለከተ መምህራን በተደጋጋሚ የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ልጁ «ውሃ ትፈልጋለህ?» ብሎ ወደ መምህሯ ይመጣል። እሷም «አልፈልግም» ብላ ትመልሰዋለች። እሱ ግን ውሃ እየጠየቀ ነው፤ ውሃ ሲሰጠው የሚሰማውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ መልሶ አመጣው። መልሱ ውሃውን እየሰጡ «ውሃ እፈልጋለሁ» ብሎ በእሱ አፍ መናገር ነው፣ በየቀኑ። ትእዛዝ ሲሰጠውም አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ በልብ እስከ 10 መቁጠር፣ ካልሆነ በዚያው ቃል መድገም። «ደብተርህን አውጣ… እንግዲህ ደብተር የት አለ… ና ጻፍ እንጂ» እያሉ ቃል ሲቀያይሩበት፣ በተቀየረ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል። ከዚያ «አይታዘዝም» ይባላል።

ሥዕል ንግግርን ያዘገያል የሚለውን ወሬም አትስሚ፤ ሥዕል ሰጥቶ መጠየቅ የጀመረ ልጅ መናገር አይተውም። ይህ ሥዕልን በመለዋወጥ የመግባባት ዘዴ ከ1985 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ነው፤ ቀኑን በሥዕል ቅደም ተከተል ማሳየት ደግሞ በ1972 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ከተጀመረው ቲች ከሚባለው ፕሮግራም ጋር የተስፋፋ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) አሠራሩ ቀላል ነው። የእጅ መዳፍ የሚያክሉ 4 ወይም 5 ሥዕሎች፣ በቬልክሮ (ተጣብቆ በሚላቀቅ ጨርቅ) የሚለጠፉበት ጠባብ ካርቶን፣ በልጁ ዓይን ከፍታ፣ ወይም ጠረጴዛው ላይ። ሥራው ሲያልቅ ሥዕሉን ራሱ ልጁ ነቅሎ «አለቀ» የተባለ ኪስ ውስጥ ይከታል። ይህም ከበዛበት ሁለት ሥዕል ብቻ፦ «አሁን» እና «ቀጥሎ»። የሚበላሸው መቼ መሰለሽ? ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ጌጥ ሲሆን፤ የቀኑ 12 ነገር በአንድ ጊዜ ሲደረደር፤ ፕሮግራም ተቀይሮ ሥዕሉ ሳይቀየር ሲቀር። ከሁሉም የባሰው «አሁን ለምዷል» ተብሎ በሁለት ሳምንቱ ሲነሳ ነው። የረጋው እኮ ስላለ ነው።

«ረዳት መምህርት እንመድብለታለን» ሲሉሽም ቶሎ አትደሰቺ። ረዳቷ ከጎኑ ተጣብቃ ስትውል የክፍሉ መምህር ከልጁ ጋር መነጋገር ያቆማል፣ ልጆቹም አይጠጉትም፤ እጁን ይዛ ያጻፈችው ደብተር የእሷ ደብተር ነው። የመማሪያ ዕቅዱን የሚያወጣው ማን ነው? መልሱ «ረዳቷ» ከሆነ ልጅሽ የክፍሉ ተማሪ አይደለም ማለት ነው። ደህና ረዳት ትንሽ ከኋላ ትቀመጣለች፣ ጠብቃ ታግዛለች፣ እገዛዋም የት የት እንደሚቀንስ አስቀድሞ ይጻፋል።

ዕቅዱ ራሱ በወረቀት ይሁን፤ ለአንድ መንፈቀ ዓመት ከ3 እስከ 5 ግብ ይበቃል። «ማኅበራዊ ክህሎቱ ይሻሻላል» ግብ አይደለም፤ ማንም አይለካውም። «እርዳታ ሲፈልግ ካርዱን አንስቶ ለመምህሯ ይሰጣል፣ ከ5 ጊዜ 4ቱን» ግብ ነው። ማን እንደሚያሠራውና በየትኛው ቀን እንደሚገመገም ከሥሩ ይጻፍ።

አንቺም አንድ ገጽ አዘጋጂ። ባለ ብዙ ገጹን የሐኪም ሪፖርት ማንም አያነበውም። እንዴት እንደሚጠይቅ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ከመፈንዳቱ በፊት የሚያሳየው ምልክት፣ የሚያረጋጋው፣ ፈጽሞ የማይደረግበት ነገር፣ አለርጂና መድኃኒት። የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎቹ ይበልጥ ስለሚታይ፣ ካለበት ከሁሉ በላይ ይጻፍ። ገጹ ለዘበኛውና ለሰርቪስ ሹፌሩም ይድረስ። ሪፖርቱ ላይ «ደረጃ 2» ወይም «ደረጃ 3» የሚል ካለ፣ ያ በ2013 የወጣው የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ የሚጠቀምበት የድጋፍ መጠን ነው፤ የመማር ችሎታ ውጤት አድርገው ሲያነቡት እርሚያቸው።

አገባቡ ቀስ በቀስ ይሁን። መጀመሪያ ባዶውን ክፍል ያሳዩት፤ የበሩን፣ የመምህሯንና የመጸዳጃ ቤቱን ፎቶ ቤት ውስጥ ደጋግሞ ይይ። ከዚያ በቀን 1 ሰዓት፣ የምትወስጅውም ደህና ሆኖ ሳለ፣ ሳያለቅስ። 3 ወይም 4 ቀን ሰላም ከዋለ ጨምሪ። ወጥመዱ አጭሩ ሰዓት ቋሚ ሆኖ መቅረቱ ነው፤ ሙሉ ቀን የሚጀምርበት ቀን ከመጀመሪያው ይጻፍ።

የመገናኛ ደብተሩ ላይ «ዛሬ ጎበዝ ነበር» ምንም አይነግርሽም። አራት ነገር ጠይቂ፦ በላ ወይ፣ መጸዳጃ ሄደ ወይ፣ ምን ከበደው፣ ምን ቻለ። ትምህርት ቤት ጸጥ ብሎ ውሎ ቤት ሲገባ የሚፈነዳ ልጅ አለ፤ ቀኑን ሙሉ አምቆ ነው። «እዚህ ምንም የለበትም» ቢሉሽ ያንቺ አስተዳደግ ችግር ነው ብለሽ አትቀበዪ። ከበሩ ስትቀበዪው ጥያቄ አታብዢበት፣ ግማሽ ሰዓት ተዪው።

«አንቀበልም» ካሉሽ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጡሽ በጨዋነት ጠይቂ፤ በቃል የቀለለው እንቢታ ወረቀት ላይ ሲሆን ይከብዳቸዋል። በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24፣ በጉዳቱ ምክንያት ማንም ከመደበኛው ትምህርት እንዳይገለል፣ ተመጣጣኝ ማመቻቸትም (እንደ ፍላጎቱ የሚደረግ ማስተካከያ) እንዲደረግለት ያዛል፤ ስምምነቱን ያጸደቀ አገር ይገደድበታል። ደብዳቤሽ ላይ አንቀጹን ጥቀሺው፣ ቀን ጻፊበት፣ ቅጂውን አስቀሪ።