ማክቤዝን ጅማ ላይ ለምታዘጋጁ ልጆች

ልጆቼ፣ የሼክስፒርን ተውኔት፣ ማክቤዝን፣ ልትሠሩ መሆኑን ሰማሁ። ደስ ብሎኛል፤ ትንሽ ፈርቻለሁም። ዕድሜዬን በመድረክ ዙሪያ የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ሳልጠየቅ መምከር ይቀናኛል። ይህንንም እንደዚያው ቁጠሩት።

ማክቤዝን ሱፍ አልብሳችሁ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋችሁለት፣ በአጃቢ አስከብባችሁ ልታወጡት ነው አሉ። ለዘመኑ ተመልካች እንዲቀርብ ብላችሁ መሆኑ ገብቶኛል። ልብሱን አልቃወምም። አሜሪካዊው አዘጋጅ ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1936 ታሪኩን ወደ ሃይቲ ወስዶ ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ በጥቁር ተዋንያን ሠርቶታል። ጃፓናዊው የፊልም ሰው ኩሮሳዋም በ1957 በፊልም ጃፓን አስገብቶታል። የታሪኩ አገር ስኮትላንድ ቀርታ ተውኔቱ አልሞተም። የምፈራው ሌላ ነው። ተመልካቹ ገና መጋረጃው ሲከፈት «ኧረ ይሄ እኮ እንትና ነው!» ብሎ ጣቱን ከቀሰረ አለቀላችሁ። ሌላ ሰው ላይ ሲፈርድ ያመሻል፤ ከዚያ ቅልል ብሎት ቤቱ ይገባል።

ማክቤዝ ሲጀምር ጀግና ነው። አገሩን ያዳነ፣ ንጉሡ ራሱ አመስግኖ የማይጠግበው ሰው ነው። እባካችሁ መጀመሪያ ይህን ሰው አስወድዱን። ሲሾም ደስ ይበለን። እንዲያውም አንድ ጊዜ «ይቅር፣ በዚህ ነገር ከዚህ በላይ አንሂድ» ብሎ ለሚስቱ ይነግራታል። እሷ ንጉሡን ገድሎ እንዲነግሥ ስትገፋው ከተመልካቹ መሃል «እውነቷን እኮ ነው» የሚል ሐሳብ ሽው ካለ ሥራችሁን ሠርታችኋል። እኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ ሲሳቅ የሰማን ሰዎች ነን። ያ ሳቅ አዳራሹ ውስጥ አለ። እሱን ይዛችሁ ግቡና ቀስ በቀስ አስጨንቁት።

አዘጋጆች ብዙ ጊዜ የሚቆርጧት አንዲት ትዕይንት አለች፤ ሁለተኛዋ። የቆሰለ ወታደር የጦርነቱን ወሬ ያመጣል። ንጉሥ ደንከንም የከሃዲው የኮዶር ገዢ ሹመት ለማክቤዝ እንዲሰጥ ያዛል። «ወሬ በዛባት» ተብላ ትጣላለች። እንዳትነኳት። ቀጥሎ መንገድ ላይ የሚያገኙት ሦስት ጠንቋዮች ማክቤዝን በዚያው ማዕረግ ሲጠሩት፣ ሹመቱ ቀድሞ እንደተሰጠ እኛ እናውቃለን። እሱ አያውቅም። ስለዚህ ትንቢት ሆነበት። «ንጉሥ ትሆናለህ» አሉት እንጂ «ግደል» አላሉትም። መግደሉን ከራሱ ነው ያመጣው። ያቺ ትዕይንት ከወጣች ተመልካቹ ጥፋቱን ሁሉ ጠንቋዮቹ ላይ ጭኖ ይገላገላል።

ስለ ጠንቋዮቹ ካነሳን፣ ቃልቻ አታስመስሏቸው። ጅማ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሌላውም አብሮ የሚኖርባት ከተማ ናት። በሰው እምነት ከቀለዳችሁ ተመልካቹ ያኮርፋል፤ ካኮረፈ ደግሞ አይሰማችሁም። መንገድ ዳር ቁጭ ያሉ፣ ማንም ልብ የማይላቸው ሦስት ሰዎች አድርጓቸው። የበለጠ ያስፈራሉ።

አሁን ወደ ዋናው የእኛ በሽታ ልምጣ፤ ጩኸት። እኛ ጋ ንጉሥ ማለት የሚጮህ ሰው ይመስለናል። የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ትርጉም ከመረጣችሁ ደግሞ ፈተናው ይብሳል። ግጥሙ ከባድ ነው፣ ያምራል፣ ተዋናዩም ድምፁን አስረዝሞ ማንጎራጎር ያምረዋል። መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ ለእናታችሁ እንደምታወሩ አንብቡት። ትንፋሻችሁን ሐሳቡ ያለቀበት ቦታ ላይ ውሰዱ፤ ስንኙ ያለቀበት ሁሉ ላይ አትቁሙ። ከዚያ ጉዳይ ፈጥራችሁ አንድ ቢሮ ግቡና ታዘቡ። የሚጮኸው ብዙውን ጊዜ ተላላኪውን የሚያዘው ሠራተኛ ነው። አለቃው ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ሁሉም አንገቱን ወደ እሱ ያሰግጋል። ከነገሠ በኋላ ማክቤዝን እንዲህ አጫውቱት።

ግድያውን አናየውም። ሼክስፒር ከመድረክ ጀርባ ነው ያደረገው። የምናየው ደም የነካቸውን ጩቤዎችና ሁለት የሚንሾካሾኩ ባልና ሚስት ነው። ከዚያ በሩ ይንኳኳል። ይህን ድምፅ ከስልክ በስፒከር አትልቀቁ። ከመጋረጃው ጀርባ እውነተኛ የእንጨት በር አቁሙ፣ አንድ ሰው በጡጫው ይምታው። እንጨቱ ሲነዝር የፊት ረድፍ ላይ የተቀመጠው ሰው በእግሩ ይሰማዋል። ሰካራሙን ዘበኛም «ቀልዱ አይሄድም» ብላችሁ እንዳታባርሩብኝ። አማርኛና አፋን ኦሮሞ እየቀላቀለ፣ መርካቶ እንደምንሰማው እየተነጫነጨ በሩን ይክፈት። ሰው ይስቃል። ውስጥ ግን ንጉሡ ሞቷል።

ግብዣው ላይ የባንኮን፣ ማክቤዝ ያስገደለውን የወዳጁን፣ መንፈስ ዱቄት የተነሰነሰበት ተዋናይ አታድርጉት። ዙፋኑንም ግብዣ ቤቱንም በጅማ በርጩማ ሥሩት፤ ያ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው፣ ባለሦስት እግሩ። ሁሉም ይቀመጥና አንዱ ባዶ ይሁን። ማክቤዝ ባዶውን በርጩማ እያየ ይንቀጥቀጥ። እንግዶቹ እሱን ይዩ፣ እኛ ደግሞ እንግዶቹን። ማን ቀድሞ ዓይኑን እንደሰበረ፣ ማን ምንም እንዳላየ ሆኖ መብላቱን እንደቀጠለ በጥንቃቄ አጥኑት። ለእኔ የተውኔቱ ዘመናዊነት እዚያ ገበታ ላይ ነው።

ጊዜ ካገኛችሁ ተዋንያኑን ጅሬን ውሰዷቸው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሰገነት ላይ ቆመው ከተማዋን ቁልቁል ይዩ። ከፍታ ላይ የቆመ ሰው ታች ያለውን እንዴት እንደሚያይ በገለጻ አይገባም። አባ ጅፋርን ግን ከማክቤዝ ጋር እንዳታያይዙብኝ! ከምኒልክ ጋር ተስማምተው፣ ግብር እየከፈሉ አገራቸውን ያቆዩ ሰው ናቸው። የእሳቸው ታሪክ ሌላ ተውኔት ነው፤ አንዳችሁ ብትጽፉት ደስ ይለኛል።

«አያስጠይቀንም ወይ?» ብላ የጠየቀች ልጅ አለች አሉ። ጥያቄዋ ያረጀ ነው። ሼክስፒር ይህን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1606 አካባቢ ነው፤ የእንግሊዙን ንጉሥ ጄምስን ከነፓርላማው በባሩድ ሊያፈነዱ የነበሩ ሰዎች ከተያዙ ብዙም ሳይቆይ። የጄምስ ቤተሰብ ከባንኮ እንወለዳለን ይል ነበር። ሼክስፒር ባነበበው ዜና መዋዕል ባንኮ የንጉሡ ግድያ ተባባሪ ነው። መድረክ ላይ ግን ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ደራሲው ማን ፊት እንደሚያሳይ ያውቅ ነበር። ያም ሆኖ ንጉሥ ሲገደልና ገዳዩ ሲነግሥ የሚያሳይ ተውኔት ጽፏል። እኛም በንጉሡም በደርግም ዘመን ከሳንሱር ጋር ስንሠራ እንዲህ ያለውን መንገድ ለምደነዋል።

የመጨረሻው ጉዳይ ዝናብ ነው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ የአዳራሹ ጣሪያም ቆርቆሮ ነው። መጀመሪያው ላይ ከዘነበ እሰየው፤ ተውኔቱ ራሱ በነጎድጓድ ነው የሚከፈተው፣ በነፃ አገኛችሁ ማለት ነው። የማክቤዝ ሚስት በእንቅልፍ ልቧ እየሄደች እጇን የምታጥብበት ትዕይንት ላይ ከመጣ ግን ከዝናቡ ጋር አትወዳደሩ። ልጅቷ ድምፅ ሳታወጣ እጇን ትጠብ። ሐኪሙና ደንገጡሯ ወደ ተመልካቹ ተጠግተው ይቁሙና የምትለውን እነሱ ተቀባብለው ይንገሩን። ይህን ዛሬውኑ ተለማመዱት፤ በዚያ ምሽት ለመመካከር ጊዜ አይኖራችሁም።