«ወፌ ቆመች» ለወንድ ልጅም ይባላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ ነው። የ10 ወር ወንድ ልጅ አለኝ፤ ሶፋ ይዞ መነሳት ጀምሯል። እናቴ በመጣች ቁጥር ብብቱን ይዛ «ወፌ ቆመች፣ ወፌ ቆመች» ትለዋለች። የባለቤቴ ወንድም ግን «ልጁ ወንድ አይደል እንዴ? ወፌ ቆመ ነው የሚባለው» ብሎ አረማት። ከዚያ ወዲህ እናቴ ዝም ብላ ማጨብጨብ ብቻ ሆነ ሥራዋ። ማናቸው ናቸው ትክክል? ደግሞስ እኛ ወሎዎች «አብሽር» የምንለው አማርኛ ነው ወይስ ዓረብኛ?

መልስ፦ እናትዎ ትክክል ናቸው። እባክዎ ዛሬውኑ ይንገሯቸው። ዝም ማለታቸውን ሳነብ ሆዴ ነው የተባባው።

ቀላሉን ላስቀድም። «ቆመች» የተስማማችው ከ«ወፌ» ጋር ነው እንጂ ከልጁ ጋር አይደለም። ወፍን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሴት ነው የምንጠራት፤ «ወፏ በረረች» እንላለን። ለመልሱ ይሄ ብቻ ይበቃ ነበር። ግን ከዚህ የሚጥም ነገር አለ።

አማርኛ የሴቴውን ቅርጽ ለእንስት ብቻ አላስቀመጠውም። ትንሽ የሆነውን፣ የለመድነውን፣ የምንሳሳለትን ሁሉ በሴት እንጠራዋለን። ፒያሳ ጓደኛዎን ሲያገኙት «ና ሻይዋን ፉት እንበል» ይሉት የለ? «ደሞዟ አለቀች»፣ «ቤቷ ጠባብ ብትሆንም ትሞቃለች» እንላለን። ያው ቤት ባለ ፎቅ ሲሆን ግን «ቤቱ» ይሆናል። በዚያው ቅርጽ እንንቅበታለንም። «ይቺን ብር ይዘህ ነው የመጣኸው?» ሲባል ብሩ ማነሱ ነው የተነገረው። ፍቅሩም ንቀቱም አንድ ልብስ ነው የሚለብሱት፤ የሚለያቸው የተናጋሪው ድምፅ ነው።

ትንሽ መሆን ብቻውን ግን አይበቃም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስንል እንቁላሉ ትንሽ ነው፤ ሆኖም «በእግሯ» አላልንም። እዚያ ተረት ውስጥ ለእንቁላሉ የሚሳሳለት ሰው የለማ። «ወፌ» ላይ ግን መጨረሻ ላይ «ኤ» አለች። የእኔ ወፍ ማለት ናት። ደሴዎች ይህችን «ኤ» በየቀኑ ትጠሯታላችሁ። የከተማችሁ ስም «ደስ» ከሚለው የወጣ፣ «ደስታዬ» ማለት እንደሆነ፣ ያወጡላትም አጤ ዮሐንስ 4ኛ እንደሆኑ ይነገራል። ደስ፣ ደሴ። ወፍ፣ ወፌ።

አሁን ጊዜውን እንይ። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ እሱ ነው። ልጅዎ ገና አልቆመም፤ እናትዎ ግን «ቆመች» ይላሉ፤ ያለቀ፣ የደቀቀ ኃላፊ ጊዜ። «ቁም» አላሉትም። «ትቆማለህ» አላሉትም። ይሄ ስህተት አይደለም። አማርኛ ሊሆን አንድ ሐሙስ የቀረውን ነገር እንደሆነ አድርጎ ይናገረዋል። ከጓዳ ስንጠራ «መጣሁ!» እንላለን፤ እግራችን ግን አልተነቃነቀም። ብርጭቆ ከጠረጴዛው ጠርዝ ሲንሸራተት «ወደቀ! ወደቀ!» ብለን እንጮኻለን፤ ገና አየር ላይ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚጭነው ሚኒባስ ረዳትም «ሞላ! ሄደ! ሄደ!» ሲል ኋላ ሁለት ወንበር ባዶ ነው። ልጁ ዘንድ ሲደርስ ግን ይሄ አነጋገር ሌላ ጉልበት ያገኛል። ትእዛዝ ቢሆን ልጁ እምቢ ሊል ይችላል። «ቆመች» ሲባል ግን ነገሩ አልቋል፤ የቀረው እግሩ መድረሱ ነው።

በነገራችን ላይ፣ 10 ወር ምንም አያስቸኩልም። በዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት መለኪያ ጤነኛ ሕፃናት ያለ ድጋፍ የሚቆሙት በግምት ከ7 እስከ 17 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ባለፈው ሰሞን ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ቡና ላይ ነበርኩ። የልጅ ልጇ በርጩማ ይዛ ተነሳች። እህቴ መጀመሪያ ረከቦቱን ራቅ አደረገች። ቀጥላ ሁለት እጇን እንደ አጥር ከልጅቷ ግራና ቀኝ ዘረጋች፤ አልነካቻትም። «ወፌ ቆመች... ወፌ ቆመች...» ጭብጨባውን እኛ ተቀበልን። ልጅቷ አንድ እጇን ለቀቀች። ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛውንም ለቀቀችና ቂጧ ላይ ዘጭ አለች። ሁላችንም ባንድ አፍ «እኔን!» አልን። ይቺም ቃል ራሷን የቻለች ትምህርት ናት። ግሱ ተውጧል። «እኔን ይድፋኝ» ነው ሙሉው፤ አንቺ የወደቅሽውን እኔ ልውደቅ። ከዚያ እህቴ አፏን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ «አብሽሪ እማዬ፣ አብሽሪ» አለቻት።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ አመጣችኝ። «አብሽር» የመጣው ከዓረብኛ ነው። እዚያ «ደስ ይበልህ፣ መልካም ዜና አለህ» የማለት ነው። ወሎ ሲገባ የ«አይዞህ»ን ሥራ ያዘ። ለውጡ እርባታው ላይ ነው። «አይዞህ» ጫፉን ይቀይራል፤ አይዞሽ፣ አይዟችሁ። «አብሽር» ግን እንደ ማንኛውም ትእዛዝ ይረባል፤ አብሽሪ፣ አብሽሩ። በአማርኛ ሕግ ሴት አንቀጽ፣ ብዙ ቁጥር ካወጣ ምን ቀረው? ለእኔ አማርኛ ነው።

ባዳም አይደለም። በግእዝ «አብሠረ» ማለት የምሥራች ነገረ ማለት ነው፤ ትእዛዙም «አብሥር» ነው። «ብሥራት» የመጣው ከዚያ ነው። የግእዙና የዓረብኛው ሥር አንድ ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን «ብሥራት» የሚሉት ጎረቤትዎና መስጊድ ውለው መጥተው «አብሽር» የሚሉት ጎረቤትዎ የአንድ ሥር ቅርንጫፍ ነው የያዙት። ለልጅዎ ያለ ሐሳብ ይበሉት።

አንድ ነገር ግን ጆሮዎን ይስጡት። ልጅዎ አንድ ቀን ሶፋውን ለቆ ራሱን ችሎ ይቆማል። ያኔ እናትዎ «ወፌ»ን ረስተው ወደ በሩ ይጮኻሉ፤ «ኧረ ኑ! ልጁ ቆመ!» የባለቤትዎ ወንድም የፈለጋት «ቆመ» ያኔ ትመጣለች።