ሰጋቱራው የት ይቅር?

ባለፈው ስለ ጋቦንና ቻይና የግንድ ንግድ ጥቂት ብዬ ነበር። ደብዳቤው ጎረፈ። ሁሉን መመለስ አልችልም፤ ከመካከሉ መርጫለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልኝ።

ጥያቄ፦ የቤት ዕቃ የሚሠሩ አንባቢ ናቸው። የቻይና ኮምፖርሳቶ ገዙ፤ ላዩ ቀላ ያለ፣ ዓይን የሚስብ። በብርጭቆ ወረቀት ሲያሹት ግን ነጭ እንጨት ብቅ አለባቸው። «ተሸወድኩ ወይ?»

መልስ፦ አይመስለኝም፤ አሻሹን አብዝተውት ነው። ቀላ ያለው ኦኩሜ ሳይሆን አይቀርም። ኦኩሜ ከጋቦንና ከጎረቤቶቿ ውጭ እምብዛም የማይገኝ ዛፍ ነው። ፋብሪካው ግንዱን እያሽከረከረ እንደ ብርቱካን ይልጠዋል። ከአንድ ሚሊ ሜትር የሚያንሰውን ልጣጭ ቶሎ በሚያድግ ርካሽ እንጨት ላይ ይለጥፈዋል። ሲገዙ ፊቱን ትተው ጠርዙን ይዩ። ነጋዴው «ሙሉ ኦኩሜ ነው» ብሎ ሸጦልዎት ከሆነ ግን ሄደው ይጨቃጨቁ፤ እኔም ከእርስዎ ጋር ነኝ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ናት። ኦኩሜ ለስላሳ ከሆነ ለምን «ጠንካራ እንጨት» ይባላል?

መልስ፦ ስሙ የሚያወራው ስለ ዛፉ ዘር ነው። አበባ የሚያብቡት፣ ብዙውን ጊዜም ሰፋ ያለ ቅጠል ያላቸው ዛፎች እንጨታቸው «ጠንካራ» ይባላል። እንደ ቡሽ የሚቀለው ባልሳ የሚባል እንጨትም ጠንካራ ነው፣ ባሕር ዛፍም ጠንካራ ነው። ጥዳችንና ዝግባችን ደግሞ «ለስላሳ» ናቸው። ስም ያወጣው ሰው መዶሻ ይዞ አልሞከረውም።

ጥያቄ፦ መምህር የሆኑ አንባቢ። ጋቦን በ2010 ያልተሠራ ግንድ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች። ትልቋ ገዢ ቻይና ነበረች። ማን ከሰረ? ማን ተጠቀመ? «በአጭሩ» ብለዋል።

መልስ፦ በአጭሩስ አልችልም። ይቺ ጥያቄ የኔ ናት።

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ መሰንጠቂያ ነበር። ግንዱ በመኪና ይገባል። በሩ ላይ ሴቶች ጆንያ ይዘው ይሰለፋሉ፤ ለሰጋቱራ። ግማሹ ሰፈር እንጀራ የሚጋግረው በሰጋቱራ ነበር። ከቁራጩ በርጩማ እየሠራ የሚያድርም ነበረ። ከአንድ ግንድ ጣውላ ሆኖ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከግማሽ አይዘልም። ግንዱን እንዳለ መርከብ ላይ ስትጭነው ሰጋቱራውንም፣ በርጩማውንም፣ የሠራተኛውን ደሞዝም አብረህ ሸኘህ ማለት ነው።

ቻይና ግንድ ፍለጋ የወጣችው ወዳ አይደለም። በ1998 ያንግትዜ ወንዝ ሞልቶ ብዙ ሕዝብ ጨረሰ። መንግሥት የደን ጭፍጨፋ እጁ አለበት ብሎ የተፈጥሮ ደኖቹን መዝጋት ጀመረ። ፋብሪካዎቹ ግን አልተዘጉም። እንጨቱ ከባሕር ማዶ መምጣት ነበረበት፤ የኦኩሜ ግንድም ከጋቦኑ ኦዌንዶ ወደብ እየተጫነ ይሄድ ነበር።

ክልከላው ሲመጣ መጀመሪያ የተጎዳው ጋቦናዊው ነው። መሰንጠቂያ የሌለው ድርጅት ቆመ፤ ሠራተኛ ተበተነ። በኋላ ከዋና ከተማዋ ከሊብረቪል ወጣ ብሎ ንኮክ የተባለ የኢንዱስትሪ ዞን ተከፈተ። የሕንድና የቻይና ባለሀብቶች መላጫና መሰንጠቂያ ተከሉ። ዛሬ ጋቦን በልጣጭ ምርቷ ከአፍሪካ ስሟ ይጠራል። ቻይናም አልከሰረችም፤ ግንዱን ከኢኳቶሪያል ጊኒና ከኮንጎ ብራዛቪል ገዛች፣ ልጣጩን ደግሞ ከንኮክ። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ነው። ብዙው ልጣጭ ሙጫ ሳይነካው ይወጣል። ኮምፖርሳቶ የሚሆነው ሌላ አገር ነው። አንድ ደረጃ ወጡ፣ ሁለተኛውን ሳይወጡ ቆሙ። ቢሆንም ሰጋቱራው ንኮክ ቀርቷል፤ ለኔ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። የኛን ጥሬ ቡና እንዳታነሱብኝ፣ ቦታ የለኝም።

ጥያቄ፦ ቻይና፣ ጓንጁ ከተማ የሚነግድ ወንድማችን። አንድ ወዳጁ ኬቫዚንጎ የተባለ ውድ የአፍሪካ እንጨት የተጫነበት ኮንቴይነር ድርሻ ግዛ ብሎታል። ወረቀቱ «ኦኩሜ» ይላል፤ «ይሄ የተለመደ ነው» አሉት።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብርህን ያዝ! ኬቫዚንጎ ከ2017 ጀምሮ ሳይቲስ በሚባለው፣ ሊጠፉ በተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ካለ ልዩ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። ጋቦን መቁረጡን ራሱ በ2018 ከልክላለች። በ2019 ኦዌንዶ ላይ ተይዘው ከነበሩት የኬቫዚንጎ ኮንቴይነሮች ከ350 በላይ ጠፉ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር የጋቦን ምክትል ፕሬዚዳንትና የደን ሚኒስትሩ ከሥልጣን ተነሡ። ምክትል ፕሬዚዳንት ያልተረፈበትን ጣጣ አንተ በምን ትወጣዋለህ? ቻይናም ከ2020 ጀምሮ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ እንጨት የሚገዛን የሚከለክል ሕግ አላት። «የተለመደ» የተባለው ነገር የሐሰት ሰነድ ነው። ምንም ከመፈረምህ በፊት የጉምሩክ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አማክር። ዛሬውኑ። የኔን መልስ አይተህ እንዳትወስን፣ ጠበቃውንም ያ ወዳጅህ እንዳይመርጥልህ።

ጥያቄ፦ ኦኩሜ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል?

መልስ፦ ይንሳፈፋል። ድሮ ጋቦን ውስጥ በኦጎዌ ወንዝ እያንሳፈፉ ወደ ፖር ዣንቲ ወደብ ያወርዱት ነበር።

ጥያቄ፦ የእናቱን ጠረጴዛ ፎቶ ልኮ «ኬቫዚንጎ ነው?» የሚለው ልጅ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

መልስ፦ በፎቶ እንጨት አልለይም ብያለሁ። ያውም በማታ የተነሣ፣ ዳንቴል የለበሰ ጠረጴዛ! ገልብጠህ ለአንድ አናጢ አሳየው። እኔ ዋንዛ ነው ባይ ነኝ።